መድኃኒትም ስንቅ ነው

ተማሪዎች፣ ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት መሆኑን ተምራችኋል። የሚከተለው ምንባብ የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ምሳሌ ነው። ስታነቡት ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛው፣ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንዲት ቃል በትክክል መነገር ወይም መሳሳት በሰው ሕይወት ላይ የሚያስከትለው ውጤት ነው።

ምንባብ

በቀድሞ ዘመን አንድ መንገደኛ ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቁ ነበር። በሶው ይፈጫል፤ ዳቦ ቆሎው ይቆላል፤ ጭኮው በቅቤ ይታሻል፤ ሁሉም በየአቁማዳው ተቋጥሮ ይጫናል። ስንቁ የሚሰፈረው በመንገዱ ርዝመት ልክ ነው። የሰባት ቀን መንገድ ያለበት ሰው የሦስት ቀን ስንቅ ይዞ አይነሣም። ደግሞም ስንቁ የሚያልቅበትን ስፍራና ከዚያ በኋላ እህል የሚሸመትበትን ገበያ ከእርሱ በፊት የሄዱትን ጠይቆ ይረዳል።

ዛሬ መንገደኛው በአውሮፕላን ስለሚሳፈር ስንቅ የሚለው ቃል ከዕለት ንግግራችን እየራቀ ሄዷል። ሆኖም ያለ ስንቅ ሊነሣ የማይገባው መንገደኛ ዛሬም አለ። እርሱም በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ይህ ምንባብ የሚናገረው ከእነዚህ መንገደኞች መካከል ስለ አንዱ፣ ማለትም ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ እያለ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ስለሚያስብ ሰው ነው።

«ይህ ጉዳይ እኛን ምን ይመለከተናል?» ትሉ ይሆናል። በየቤታችሁና በየጎረቤታችሁ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የሚሰናዳ ታላቅ እኅት ወይም ወንድም፣ አክስት ወይም አጎት አይጠፋም። ቅጹ በእንግሊዝኛ ሲመጣ «እስቲ አንብቡልኝ» የሚባለው ለተማሪ ነው። ማመልከቻ ሲያስፈልግ ብዕር የሚያነሣውም ተማሪ ነው። እንግዲህ ሳታውቁት የሌላውን ሰው መንገድ የምታቃኑ ወይም የምታጣምሙ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

በሽታውና መድኃኒቱ

ኤድስ የተባለው በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪሞች የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በፓሪስ የፓስተር ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች የበሽታውን መንሥኤ ቫይረስ ለይተው አወጡ። ከእነርሱም ሁለቱ፣ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኚዬ፣ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። በዚያን ጊዜ ቫይረሱን የሚገታ ሕክምና ስላልነበረ የበሽታው ስም ከሞት ስም ተለይቶ አይታይም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ነገሩ ተለወጠ። ሦስት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ቫይረሱ እንዳይራባ እንደሚያግደው ታወቀ። በአገራችንም ከጥር ወር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ አብዛኞቹ አዋቂ ታካሚዎች ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉት ሦስት መድኃኒቶች ባንድነት የተቀመሙበትን አንድ ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ይወስዳሉ።

የመድኃኒቱ አሠራር ምን ዓይነት ነው? ኤች.አይ.ቪ. በራሱ መራባት አይችልም። ሰውነታችንን ከበሽታ ወደሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ገብቶ እነርሱን እንደ መሥሪያ ቤት በመጠቀም ብጤዎቹን ያበዛል፤ ሕዋሳቱንም ያጠፋቸዋል። መድኃኒቱ የዚህን መሥሪያ ቤት ሥራ ያስቆማል። ነገር ግን ቫይረሱ በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ መድኃኒቱ ፈጽሞ አያጠፋውም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ የተኛው ይነቃል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም እንደገና በደም ውስጥ ይበዛል።

ከዚህ የከፋው አንዳንድ ቀን መውሰድ፣ አንዳንድ ቀን መተው ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲያንስ ቫይረሱ ይራባል፤ ሲራባም ይለዋወጣል። ከተለዋወጡት መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋም ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ተመልሶ ቢወሰድም እንደ ቀድሞው አይሠራም። ስለዚህ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ሥርዓት ለመጠበቅ ያህል ብቻ የሚሰጥ ምክር አይደለም፤ የሕክምናው ዋና መሠረት ነው። እንግዲህ አገር መለወጥ የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው። ሐኪም ይለወጣል፤ ቋንቋ ይለወጣል፤ ሕግ ይለወጣል፤ መድኃኒቱ ግን አንድ ቀንም ሊጓደል አይገባም።

«አይታይም» እና «የለም»

በዚህ ቦታ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደሙ ሲመረመር የቫይረሱ መጠን እጅግ አንሶ በመሣሪያው የማይታይበት ደረጃ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ሰው ጤናማ ሆኖ ይሠራል፤ ልጆች ያሳድጋል፤ ዕድሜውም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፣ የቫይረሱ መጠን ከማይታይበት ደረጃ የደረሰና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ጓደኛው አያስተላልፍም።

ይሁን እንጂ «ቫይረሱ አይታይም» ማለት «ቫይረሱ የለም» ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ስለ መሣሪያው አቅም፣ ሁለተኛው ስለ ነገሩ መኖርና አለመኖር የሚናገር ነው። ለሥራ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ በዋናነት የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል ያዘጋጀውን ፀረ አካል ነው። ፀረ አካሉ ደግሞ የቫይረሱ መጠን ቢያንስም በደም ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ሕክምናው እጅግ የተሳካለት ሰው እንኳ በዚህ ምርመራ ቫይረሱ እንዳለበት ይታወቃል።

ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ ጉዳት ያስከትላል። «ከምርመራው በፊት መድኃኒቱን ለሁለት ሳምንት ተወው፤ ምርመራው አያገኘውም» የሚል ደላላ ቢገጥማችሁ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ዕወቁ። መድኃኒቱን ማቆም ፀረ አካሉን አያጠፋም። የሚያደርገው ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ መቀስቀስ ብቻ ነው። ምክሩን የሰማ ሰው ሥራውንም አያገኝም፤ ጤናውንም ያጣል።

የየአገሩ ሕግ

ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበትን የውጭ አገር ሠራተኛ በተመለከተ የአገሮች ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። ለመረዳት እንዲያመች በሁለት ክፍል ልናያቸው እንችላለን።

በመጀመሪያው ክፍል የሚገኙት ቫይረሱ መኖሩን ለመግቢያም ሆነ ለሥራ መከልከያ የማያደርጉ አገሮች ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ ያለበትን የውጭ አገር ሰው እንዳይገባ ትከለክል ነበር። ይህ ክልከላ ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ተነሣ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዲቪ ዕጣም ሆነ በሌላ መንገድ ወደዚያ ለመሄድ የሚመረመር ሰው ስለ ኤች.አይ.ቪ. እንዲመረመር አይገደድም። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና በሽታው ባለበት ወጣት በራያን ኋይት ስም የተሰየመው ሕግ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና የጤና መድን ለሌላቸው ሰዎች ሕክምናውና መድኃኒቱ እንዲደርስ ያደርጋል። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2012 ጀምሮ የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና የመኖሪያ ፈቃድ ሳይጠየቅ ለማንኛውም ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል። በጀርመን በሕግ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የጤና መድን እንዲኖረው ግዴታ ሲሆን መድኑም ይህን ሕክምና ይሸፍናል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ለንግድ የሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካም በዓለም ከሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸው ሰዎች ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስዱባት አገር ናት። መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይገኛል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት የውጭ አገር ሰዎችን ከጤና ጣቢያ በር የሚመልሱ ቡድኖች ተነሥተው ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር በሕግ መፈቀዱ በበሩ ላይ መፈጸሙን ብቻውን እንደማያረጋግጥ ነው። ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በዚያ ከተማ የሚኖሩትን መጠየቅም ያስፈልጋል።

በሁለተኛው ክፍል ቫይረሱ መኖሩን ለሥራ መከልከያ የሚያደርጉ አገሮች ይገኛሉ። ሳዑዲ ዓረብያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ባሕሬንና ኦማን ለሥራ የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ስለ ኤች.አይ.ቪ. እንዲመረመር ያስገድዳሉ። ምርመራው ከአገር ከመውጣት በፊት ይደረጋል፤ ከደረሱም በኋላ ይደገማል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፤ ከገባም በኋላ ቢታወቅ ወደ አገሩ እንዲመለስ ይደረጋል። በአንዳንዶቹ አገሮች ለአጭር ጉብኝት የሚሄድ ሰው አይመረመርም። ሆኖም ለጉብኝት መግባት ተፈቀደ ማለት ለሥራ መኖር ተፈቀደ ማለት አይደለም።

እንዲህ ያለው ክልከላ በሳይንስ የተደገፈ አይደለም። ኤች.አይ.ቪ. አብሮ በመሥራት፣ ምግብ በማብሰል፣ ልጅ በመያዝ ወይም አንድ ቤት በመኖር አይተላለፍም። የዓለም የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ቁጥር 200 የውሳኔ ሐሳብ ላይ፣ ከአገር ወደ አገር የሚሄዱ ሠራተኞች ስለ ኤች.አይ.ቪ. እንዲመረመሩ መገደድ እንደሌለባቸው፣ ቫይረሱ ስላለባቸውም መከልከል እንደማይገባቸው አስታውቋል። ይህም ሆኖ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው፣ አንድ ዓይነት ገደብ የሚያደርጉ አገሮችና ግዛቶች 48 ያህል ነበሩ። ሕጉ ትክክል አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ መኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መንገደኛው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

በሬው ከመሸጡ በፊት

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ወጣት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በቤት ሠራተኛነት ለመቀጠር አሰበች እንበል። አባቷ በሬ ሸጡ፤ እናቷ ከዕቁብ ገንዘብ ወሰዱ፤ አጎቷ ተበደሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለጉዞ ስትመረመር ቫይረሱ በደሟ ውስጥ መኖሩ ተነገራት። በአንድ ቀን ሁለት ኀዘን ደረሰባት፤ አንዱ የጤናዋ፣ ሁለተኛው የዕዳው ነው። የመጀመሪያውን ሕክምና ያቃልለዋል። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ በመጠየቅ ሊቀር ይችል ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ በፈቃድ መመርመር ነው። በዚያ ምርመራው ከምክር ጋር ይሰጣል፤ ውጤቱም በምሥጢር ይጠበቃል። ቫይረሱ ካለ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የት አገር መሄድ እንደሚችሉ፣ ወይም በአገር ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሻላቸው ተረጋግተው መወሰን ይችላሉ። ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ደመወዙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት «መድኃኒቴን እዚያ አገኛለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ከሚታከሙበት የጤና ተቋም የዝውውር ወረቀት መያዝ ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ሊሆን ይገባል። በውስጡም የሚከተሉት ነገሮች ይገኙበታል።

1. የታካሚው ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፤
2. ሕክምናው የተጀመረበት ቀን፤
3. የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን፤ ይኸውም የፋብሪካው መጠሪያ ሳይሆን በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች የሚያውቁት የመድኃኒቱ የራሱ ስም፤
4. ቀደም ሲል ተወስደው የተለወጡ መድኃኒቶች ካሉ እነርሱና የተለወጡበት ምክንያት፤
5. የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤትና ቀኑ፤
6. እንደ ሳንባ ነቀርሳና የጉበት በሽታ ያሉ ሌሎች ሕመሞች፤
7. ለታካሚው የማይስማማ መድኃኒት ካለ ስሙ።

ቀኖቹ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ተለይተው መጻፍ አለባቸው። «2015» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት በውጭ አገር ሐኪም ዘንድ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ ያስመስለዋል።

የግሡም ጊዜ እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ታካሚዋ መድኃኒቱን ትወስድ ነበር» የሚለውን «ታካሚዋ መድኃኒቱን ትወስዳለች» ከሚለው ጋር አስተያዩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መድኃኒቱ መቋረጡን ያመለክታል፤ ሁለተኛው እየተወሰደ መሆኑን ይናገራል። የመጀመሪያውን ያነበበ ሐኪም «ለምን ተቋረጠ? ቫይረሱ መድኃኒቱን ተቋቁሞት ይሆን?» ብሎ ሕክምናውን በሌላ መንገድ ሊጀምር ይችላል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው በከንቱ አይደለም። በወረቀት የሰፈረ ስሕተት ባሕር ተሻግሮ ይከተላል።

ሦስተኛው እርምጃ ለመንገዱ የሚበቃ መድኃኒት መያዝ ነው። በአገራችን ሕክምናቸው የጸና ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንድ ጊዜ የሚቀበሉበት አሠራር አለ። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ለጤና ባለሙያው አስቀድሞ መንገር ይገባል። ብዙ አገሮች መንገደኛ ለራሱ የሚያስገባውን መድኃኒት በመጠን ስለሚወስኑ የሚሄዱበትን አገር ደንብ መጠየቅም ያስፈልጋል።

በመንገድና ከደረሱ በኋላ

መድኃኒቱ በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ በሚያዘው ሻንጣ መግባት አለበት፤ ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ወይም ሊጠፋ ይችላልና። ከፋብሪካ በወጣበት ጠርሙስ ውስጥ፣ የተለጠፈበት ጽሑፍ ሳይላጥ መቆየት ይገባዋል። ክኒኑን በላስቲክ ወይም በወረቀት ጠቅልሎ መያዝ እርጥበት ያስገባበታል፤ በፍተሻም ጊዜ ምንነቱን ለማስረዳት ያስቸግራል።

ቀጥሎ የሰዓት ጉዳይ ይመጣል። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መድኃኒቷን የምትወስድ ሴት ወደ ሪያድ ብትሄድ የሚለወጥ ነገር የለም፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ነውና። ወደ ዱባይ ብትሄድ ያው ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ወደ ዋሽንግተን ብትሄድ ግን በክረምታቸው ወራት ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። ይህ ሁሉ የተነገረው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። በውጭው አቆጣጠር የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚባለው። ጊዜውን በሥራዋ ሁኔታ ምክንያት መለወጥ ካስፈለጋት ከሐኪም ጋር ተማክራ ማድረግ ትችላለች። አንድ ቀን ረስታ ብታሳልፍ ባስታወሰች ጊዜ ትወስዳለች እንጂ በማግሥቱ ሁለት ክኒን ባንድ ላይ አትውጥም።

ከደረሱ በኋላ ሐኪም የሚፈለገው ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል አይደለም። ቀጠሮ ለማግኘት፣ መድን ለመመዝገብና የደም ምርመራ ለማድረግ ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ወር ውስጥ መጀመር ያስፈልጋል። ቋንቋ ያልለመደ ሰው አስተርጓሚ ይሻል። በዚህ ጊዜ ዘመድን ወይም የአገር ልጅን ይዞ መግባት ቀላል መስሎ ቢታይም ምሥጢሩን ለብዙ ሰው እንደ መንገር ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የዜጎች መብት ሕግ መሠረት ለታካሚው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛ ተናጋሪም በስልክ ሊገኝ ይችላል። «አስተርጓሚ ይቅረብልኝ» ብሎ መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

ሕጉ በሚከለክልባቸው አገሮች በድብቅ የሚኖር ሰው ሁኔታ ግን የተለየ ነው። መድኃኒቱን ከአገር ቤት በሰው እጅ እያስላከ ይጠብቃል። ያ ሰው የዘገየ ዕለት መድኃኒቱ ይቋረጣል። የቫይረሱን መጠን የሚመረምርለት ስለሌለ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን አያውቅም። ቢታመም ወደ ሐኪም መሄድን ይፈራል። በበረሃና በባሕር ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ የተጓዘ ከሆነ ደግሞ ስንቁ ገና በመንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። እዚያ የሚያገኘው ገንዘብ የዚህን ሁሉ ዋጋ አይተካም።

ወደ አገር ሲመለሱ

የሄደ ሰው ሁሉ እዚያው አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረብያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እንዲህ ባለው ድንገተኛ ጉዞ ዕቃን መሰብሰብ እንኳ ያስቸግራል። ተመላሹ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ወይም ቫይረሱ እንዳለበት በውጭ አገር የተነገረው ሰው ቢሆን በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሳይዘገይ መሄድ ይኖርበታል። ወረቀት ባይኖረውም ሕክምናውን ከመጠየቅ ሊያግደው የሚገባ ነገር የለም። በዚህ ጊዜ የቤተሰቡ ፊት ብዙ ያደርጋል። «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚል ጥያቄ የሚያሸማቅቀውን ሰው፣ «እንኳን በደኅና መጣህ» የሚል ቃል ወደ ጤና ጣቢያው ሊመራው ይችላል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምሳሌው በሽታን በአደባባይ ማወጅ ይገባል ለማለት የተነገረ አይደለም። ለሚረዳው ሰው መንገር ይገባል ለማለት ነው። የአንድ ሰው የጤና ምሥጢር የራሱ ነው። ቅጹን እንድታነቡ፣ ማመልከቻውንም እንድትጽፉ የተጠየቃችሁ እናንተም ያነበባችሁትን ለሌላ ሳትናገሩ የመጠበቅ ግዴታ አለባችሁ።

እንግዲህ ነገሩን ባጭሩ ስናጠቃልለው፣ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበት ሰው ከአገር ወጥቶ መሥራት ይችላል፤ ሕክምናውም ድንበር ሊሻገር ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን አስቀድሞ በመጠየቅ፣ በትክክለኛ ቃል በተጻፈ ወረቀትና ለመንገዱ በተሰፈረ መድኃኒት ነው። የቀድሞው መንገደኛ ስንቁ የሚያልቅበትን ስፍራ ሳያውቅ ከቤቱ አይነሣም ነበር። የዛሬውም መንገደኛ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከየት እንደሚያገኝ ሳያውቅ ሊነሣ አይገባውም።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።

1. መድኃኒትን አንዳንድ ቀን እየወሰዱ አንዳንድ ቀን መተው ፈጽሞ ከማቋረጥ የከፋ ነው የተባለው ለምንድን ነው?
2. ሕክምናው የተሳካለት ሰው ለሥራ ፈቃድ ሲመረመር ቫይረሱ እንዳለበት የሚታወቀው እንዴት ነው?
3. «ሕጉ ትክክል አለመሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ መኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
4. በምሳሌው የተጠቀሰችው ወጣት ከደረሱባት ሁለት ኀዘኖች አስቀድሞ ሊቀር ይችል የነበረው የትኛው ነው? እንዴት?

ለ. በሚከተሉት ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

1. ታካሚው መድኃኒቱን ይወስድ ነበር። — ታካሚው መድኃኒቱን እየወሰደ ነው።
2. በደሙ ውስጥ ቫይረሱ አልታየም። — በደሙ ውስጥ ቫይረሱ የለም።

ሐ. በየዕለቱ መድኃኒት የሚወስዱ አንድ የጎረቤት ሰው ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሊሄዱ ነው እንበል። የዝውውር ወረቀትና ለጉዞ የሚበቃ መድኃኒት እንዲሰጣቸው ለጤና ጣቢያው የሚያቀርቡትን ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አዘጋጁ። የሰው ስም አትጥቀሱ፤ የግሦቹን ጊዜና የቀን አቆጣጠሩን በጥንቃቄ ተጠቀሙ።